ማንም የማያየው መቶ ግራም



ባለፈው ሳምንት ከዐስር ሶላት በኋላ ደርሳችን አልቆ ኪታቦቹን ስንሰበስብ አንድ ወጣት ቀረት ብሎ ጠበቀኝ። ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። «ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ግን እንዳይስቁብኝ» አለኝ። አልስቅም አልኩት።

«ኮምፕሬሰሩ የተበላሸ ፍሪጅ ሲመጣልኝ መጀመሪያ ውስጡ የቀረውን ጋዝ እለቀዋለሁ። ቱቦውን ቆረጥ ሳደርገው ሺሽ ይልና ያልቃል። አይታይም፣ አይሸትም። በቀደም ስልኬ ላይ ይሄ ጋዝ ዓለምን ያሞቃል የሚል ነገር አየሁ። ወንጀል ነው እንዴ? ማንም አያየው፣ ደግሞ ይቺ ምን አላት?»

ለመመለስ አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ስማር እነዚህን ጋዞች በስማቸው አውቃቸዋለሁ። መድረሳ ስቀራ ደግሞ ስለ ሐቁል ዒባድ፣ ስለ ሰው ሐቅ ማለት ነው፣ ብዙ ሰምቻለሁ። ሁለቱ አንድ ጥያቄ ውስጥ ይገናኛሉ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። «እስከ ጁምዓ ስጠኝ» አልኩት። ዛሬ የምጽፍልህ፣ የምጽፍልሽም፣ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ሳወጣ ሳወርደው የሰነበትኩትን ነው።

መጀመሪያ ምላሴ ላይ የመጣችው ሁላችንም የምናውቃት የወተቷ ልጅ ታሪክ ነበረች። እናቷ ወተቱ ላይ ውሃ ጨምሪበት አለቻት፤ ዑመር (ረ.ዐ) ከልክሏል ስትላት፣ ዑመር የት ያየናል አለች፤ ልጅቷም ዑመር ባያየን የዑመር ጌታ ያየናል ብላ እምቢ አለች። ውብ ታሪክ ነው። ግን የልጁን ጥያቄ ግማሹን ብቻ ነው የሚመልሰው። ወተቱ ገዢ አለው። ጠዋት ማሰሮውን ይዞ የሚመጣ፣ ቤቱ ወስዶ ለልጁ የሚያጠጣ፣ ፊቱ የሚታወቅ ሰው አለ። ከቱቦው የወጣው ጋዝ ግን ማንን ነው የበደለው? ፊት የለውም። ጥያቄውን ከባድ የሚያደርገው ይሄ ነው።

እስቲ «ይቺ ምን አላት» ከሚለው እንጀምር፤ እሱ በሂሳብ ያልቃል። ልጁ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጋጥመው አር-134ኤ የሚባለው ጋዝ ነው። አንድ የቤት ፍሪጅ ውስጥ ያለው ከመቶ ግራም ብዙም አይርቅም። ይህ ጋዝ በመቶ ዓመት ሂሳብ ሲለካ አንድ ግራሙ ከ1,300 ግራም በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያህል ሙቀት አምቆ ይይዛል። መቶ ግራሙ ማለት እንግዲህ ከ130 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ገደማ ይወጣዋል። አካፍለው። ያቺ «ሺሽ» ከ50 ሊትር በላይ ቤንዚን ከማቃጠል ጋር ትስተካከላለች። ልጁ ሱቁ ደጃፍ 50 ሊትር ቤንዚን ደፍቶ ክብሪት ቢጭርበት ሰፈሩ በሙሉ ይጮህ ነበር። ጋዙን ሲለቅ ግን ጎረቤቱ ሻዩን እየጠጣ ሰላም ይለዋል። (አዳዲሶቹ ፍሪጆች 600ኤ የሚባል ሌላ ጋዝ አላቸው፤ እሱ ሙቀት ላይ ያለው ጣጣ በጣም ትንሽ ነው፣ ነገር ግን ይቀጣጠላልና እሳት አጠገብ አትልቀቁት።)

«ማንም አያየው» የሚለው ነው ረጅሙ ጉዳይ።

እውነት ማንም አያየውም? በ1957 እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጄምስ ላቭሎክ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ሠራ። አሠራሯ ሲያስቡት ቀላል ነው፤ ውስጧ ትንሽ ጨረር የሚሰጥ ነገር አለ፣ ከእሱ የሚነሱት ኤሌክትሮኖች ቀጭን የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጥራሉ። ክሎሪንና ፍሎሪን ያለባቸው የፋብሪካ ጋዞች ኤሌክትሮን ይወዳሉ፤ በዚያ በኩል ሲያልፉ እየለቀሙ ይወስዱታል። ጅረቱ ቀነስ ሲል መሣሪያዋ «አንድ ነገር አለፈ» ትላለች። በ1971 እና 1972 ላቭሎክ ይህችን መሣሪያ ሻክልተን በተባለች መርከብ ላይ ጭኖ ከብሪታንያ እስከ አንታርክቲካ አየር እየለካ ሄደ። ሲኤፍሲ-11 የተባለውን፣ ያኔ በፍሪጅና በሽቶ መርጫ ቆርቆሮ ሥራ ላይ የነበረውን ጋዝ፣ ፋብሪካ በሌለበት ውቅያኖስ መሃል ሳይቀር አገኘው።

መጠኑን ልብ በሉ። ዛሬ ይህ ጋዝ በአየር ውስጥ ያለው ከአንድ ትሪሊዮን ሞለኪውል 220 ገደማ ብቻ ነው። ትሪሊዮን ሲባል ጭንቅላታችን አይዘውም፤ በጊዜ ላስረዳ። አንድ ትሪሊዮን ሰከንድ 31,700 ዓመት ገደማ ነው። 220 ሰከንድ ደግሞ አራት ደቂቃ አይሞላም። በ31,700 ዓመት ውስጥ የተደበቀች ከአራት ደቂቃ ያነሰች ጊዜ ፈልጎ ማግኘት ማለት ነው፤ ከመርከብ ላይ፣ በማዕበል መሃል። ሱብሓነላህ።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞች «አዩ፣ የዘርራህ ክብደት የሚባለውን ሳይንስ አረጋገጠው» ሊሉኝ ነው። በግሌ ይሄን ዓይነት አነጋገር አልወደውም። የአላህ ሚዛን የሰው መሣሪያ ማረጋገጫ አይፈልግም፤ ደግሞም የሰው መሣሪያ እንዴት እንደሚሳሳት አሁን ታያላችሁ።

ላቭሎክ በ1973 ግኝቱን ሲያሳትም ጋዙ ለማንም አደጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ጻፈ። ልኬቱ ትክክል ነበር፤ ፍርዱ ግን አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት ሞሊናና ሮውላንድ የተባሉ ኬሚስቶች ይህ ጋዝ ወደ ላይ ሲወጣ የኦዞንን ንጣፍ እንደሚበላ አሳዩ። በ1985 አንታርክቲካ ላይ የኦዞኑ መሳሳት በይፋ ታወቀ፣ በ1987 የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ተፈረመ፣ በ2010 የሲኤፍሲ-11 ምርት በዓለም ዙሪያ እንዲቆም ተደረገ። ላቭሎክም በኋላ ያቺ ዓረፍተ ነገር ስህተት እንደነበረች አምኗል። ማየትና መፍረድ ሁለት ሥራ መሆናቸውን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ምርቱ ከቆመ በኋላ በየዓመቱ አየር ውስጥ ያለው መጠን እየቀነሰ መሄድ ነበረበት። ሄደም። በአሜሪካ ቦልደር ኮሎራዶ የሚገኘው የኖዋ ቤተ ሙከራ ከዓለም ሩቅ ሩቅ ቦታዎች በጠርሙስ የታሸገ አየር እየመጣለት ይለካል። ከ2012 በኋላ ግን ቁጥሩ እንግዳ ነገር አሳየ። መቀነሱ አልቆመም፤ ፍጥነቱ ግን በግማሽ ገደማ ወረደ። የሆነ ቦታ የሆነ ሰው የተከለከለውን ነገር እንደገና እየለቀቀ ነበር፤ በዓመት 13,000 ቶን ገደማ ተጨማሪ። በወረቀት ላይ ግን ምርቱ ዜሮ ነው። አገሮች ሪፖርት አቅርበዋል፣ ማኅተም ተመትቷል፣ ፋይሉ ተዘግቷል። አየሩ ግን ሪፖርቱን አላነበበም።

እኔን የገረመኝ ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። እነ ስቲፈን ሞንትዝካ ይህን ሲያዩ ሮጠው ማንንም አልከሰሱም። ምናልባት የአየር ዝውውር ተቀይሮ ይሆን? ጋዙ የሚጠፋው ላይኛው አየር ደርሶ ነውና። ምናልባት ሲኤፍሲ-11 ያለበት አሮጌ ፎም የተገጠመላቸው ሕንፃዎች በብዛት እየፈረሱ ይሆን? ምናልባት ሌላ ነገር ሲመረት ሳይታሰብ እየወጣ ይሆን? እያንዳንዱን ሰበብ ወስደው፣ ቢሆንስ ብለው አሰሉት። የቀረው ማብራሪያ አዲስ ምርት መሆኑ ሲገባቸው በግንቦት 2018 (በፈረንጆቹ) አሳተሙት። ያኔም ያሉት ምሥራቅ እስያ ነው፤ የሃዋይ ማውና ሎዋ ላይ ጋዙ ከፍ ሲል አብረውት ከዚያ አቅጣጫ የሚመጡ ሌሎች ጋዞችም ከፍ ይሉ ስለነበር። ከዚያ የዘለለ ስም አልጠሩም፤ መረጃቸው እስከዚያ ድረስ ብቻ ነበርና።

ተበዩን ስንል ይሄ አይደለምን? ዜና ሲመጣ አጣሩ ተብለናል። እኛ ግን አንድ ስክሪንሾት አይተን በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሰው ስም እናጠፋለን፤ ከዚያ ማታ ላይ ስህተት እንደነበረ ሲታወቅ ዝም ብለን ፖስቱን እናነሳለን። እነዚያ ሰዎች በእጃቸው የዓመታት ልኬት ይዘው «ለወንድሜ ሌላ ሰበብ ይኖረው ይሆን» የሚለውን ጥያቄ ደጋግመው ጠይቀዋል፤ ያውም ሑስነ ዘን የሚለውን ቃል ሳያውቁት።

በዚያው ዓመት መቀመጫው ለንደን የሆነ አካባቢን የሚመረምር ድርጅትና ጋዜጠኞች ቻይና ውስጥ ፎም የሚሠሩ ፋብሪካዎችን አነጋግረው፣ አንዳንዶቹ የተከለከለውን ጋዝ የሚጠቀሙት ርካሽ ስለሆነ እንደሆነ ነገሯቸው። በ2019 ደግሞ ሌላ ጥናት ወጣ። በኮሪያዋ ጄጁ ደሴት ጎሳን የሚባል፣ በጃፓን ሃቴሩማ የሚባል ጣቢያ አለ። እዚያ አየሩ በቀን ብዙ ጊዜ ይለካል። ነፋሱ ከአንድ አቅጣጫ ሲመጣ ልኬቱ ሽቅብ ይዘላል፤ ተመራማሪዎቹ ነፋሱን በኮምፒውተር ወደ ኋላ እየተከተሉ ምሥራቅ ቻይና፣ በተለይም ሻንዶንግና ሄቤይ የተባሉ ክፍለ ሀገሮች ደረሱ። መንግሥት ቁጥጥሩን አጠበቀ፤ በ2019 የዓለም ልቀት ወደ ቀድሞው ልክ ተመለሰ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ጨርሶ «ተያዙ» ይላል። እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ እዚያው ጥናት ውስጥ ያለች አንዲት ቁጥር ናት። ከምሥራቅ ቻይና መጣ ተብሎ የተረጋገጠው ከዓለም ጭማሪው ቢያንስ ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆነው ነው። የቀረውስ? የቀረው ከየት እንደመጣ ማወቅ አልተቻለም። ምክንያቱም ይህን ጋዝ በቀን ብዙ ጊዜ የሚለካ ጣቢያ ያለባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። አፍሪካ በአብዛኛው አይታይም። ደቡብ አሜሪካ በአብዛኛው አይታይም። ሻንዶንግ የተገኘችው ነፋሷ ወደ ጎሳን ስለሚነፍስ ነው።

አስበው። ሁለት ፋብሪካዎች አንድ ዓይነት ጥፋት ሠሩ። የአንዱ ጎረቤት መሣሪያ አለው፤ የሌላው ጎረቤት የለውም። የመጀመሪያው ስም በዓለም ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሁለተኛው ያን ጋዜጣ ቁርሱን እየበላ አነበበና «አይ እነዚህ ሰዎች» አለ። ሁለተኛው ንጹሕ ነው? አንተስ፣ አንቺስ፣ ዛሬ ስማችን ያልተነሳው ስላልሠራን ነው ወይስ በእኛ በኩል ጣቢያ ስለሌለ?

ይህ ጥያቄ ወደ ሁለቱም ወገን ይቆርጣል። ያልተያዘ ሰው ያለመያዙን እንደ ንጽህና መቁጠር የለበትም። የሚከስስም ሰው፣ ዓይኑ የተተከለበትን ብቻ እያየ የዓለም ጥፋት ሁሉ የእሱ ነው ማለት የለበትም። መሬት ላይ ያለው ዓይን ሁሉ ጎዶሎ ዓይን ነው። ምድር ወሬዋን በሙሉ የምትናገርበትን ቀን ሱረቱ ዘልዘላህ ውስጥ ስንቀራ የምንፈራው ለዚህ ነው፤ ያን ቀን ጣቢያ የሌለበት ቦታ የለም።

ሌላም ላንሳ፤ አጭር ነው ግን ያሳፍራል። ኤችኤፍሲ-23 የሚባል ጋዝ አለ። ሌላ የማቀዝቀዣ ጋዝ ሲመረት እንደ ቆሻሻ የሚወጣ ነው፣ አንድ ቶኑ ከ12,000 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያህላል። በአንድ ወቅት ፋብሪካዎች ይህን ጋዝ አቃጥለው እንዲያጠፉ በካርቦን ገበያ በኩል ይከፈላቸው ነበር። ክፍያው በጣም ጥሩ ስለነበር አንዳንዶቹ ቆሻሻውን ለማግኘት ሲሉ ዋናውን ምርት ያበዙ ነበር የሚል ክስ ቀረበ። አውሮፓ ከ2013 ጀምሮ ያን ዓይነት ክሬዲት አልቀበልም አለች። በኋላ ትላልቆቹ አምራች አገሮች ልቀቱን በእጅጉ ቀንሰናል ብለው ሪፖርት አደረጉ። በ2020 የታተመ ልኬት ግን በ2018 የወጣው 15,900 ቶን ገደማ እንደሆነና ከዚያ በፊት ከታየው ሁሉ እንደሚበልጥ አሳየ። ጥፋትን ላለመሥራት የሚከፈለው ሰው ክፍያው ሲቆም ምን ያደርጋል? ማንም ሲያይ ብቻ የሚጾም ሰው ጓዳ ሲገባ የሚያደርገውን።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ።

እውነቱን ለመናገር የእሱን መቶ ግራም ጎሳንም አያየውም፣ ቦልደርም አያየውም። በዓለም ላይ ያለ ምንም መሣሪያ ያቺን «ሺሽ» ለይቶ የእሱ ናት ሊል አይችልም። መሣሪያዎቹ የሚያዩት ሺዎች ቶኖችን፣ አገርንና ክፍለ ሀገርን ነው። ያ ሺህ ቶን ግን የተሠራው ከእንደዚህ ዓይነት «ሺሾች» ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ምስክሩ እሱ ራሱና ጌታው ብቻ ናቸው። ሙራቀባ የምንለው ነገር ቃሉ የሚከብደው እዚህ ዓይነት ቦታ ላይ ነው፤ ሶላት ላይማ ሰው ያየናል።

የተበዳዩስ ነገር? የሰው ሐቅ የበላ ሰው ተውባው የሚሟላው ባለቤቱን ሄዶ ዐፍው ሲያስብል ነው። አር-134ኤ አየር ላይ 14 ዓመት ገደማ ይቆያል። ሲኤፍሲ-11 ደግሞ 50 ዓመት ገደማ። የሚሞቀው አየር የሚነካው ሰው ገና አልተወለደ ይሆናል፤ ዝናብ የሚጠብቅ የማላውቀው ገበሬ ይሆናል። ዐፍው በለኝ ብዬ የማንን ደጅ ልምታ? ዑለማዎቻችን ባለቤቱ የጠፋ ገንዘብ እጁ ላይ የቀረ ሰው ፈልጎ ሲያጣ በባለቤቱ ስም ይመጽውት ያሉት ብዙ ናቸው። ለገንዘብ ይሠራል። ጋዝ ግን አንዴ ከወጣ አይመለስም፣ አይመጸወትም። ስለዚህ እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፤ ባለቤቱን ማግኘት የማይቻል ሐቅ ከሚቻለው የበለጠ ያስፈራል እንጂ አይቀልም። «ፊት የለውም» የሚለው ማምለጫ ሳይሆን ማሰሪያ ነው።

ይህን ይዤ ትናንት ሱቁ ሄድኩ። ፈትዋ ልሰጥህ አልመጣሁም፣ ከእኔ የሚበልጡ ዑለማዎችን ጠይቅ አልኩት፤ ያሰብኩትን ግን ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ከዚያ ቀና ብሎ «ኡስታዝ፣ ገብቶኛል። ግን ጋዙን ሳይለቁ ወደ ሲሊንደር የሚመልሰው ማሽን እኔ በስንት ወር የማላገኘው ብር ነው። ደንበኛው ደግሞ ለጋዝ መሰብሰቢያ ጨምር ብለው ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሰው ከአቅሙ በላይ አይገደድም፤ ይህን ነገርኩት። ግን አቅም የሚባለው ነገር የት ድረስ እንደሆነ እሱው ከእኔ ቀድሞ ማሰብ ጀምሮ ነበር። ጋዝ የሚያንስ ፍሪጅ ሲመጣለት ቀዳዳውን ሳይፈልግ ዝም ብሎ ይሞላ እንደነበር፣ ደንበኛው ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ እንደሚመጣና እሱም ድጋሚ እንደሚያስከፍለው ሳልጠይቀው ነገረኝ። «እሷን ከዛሬ ጀምሬ ማቆም እችላለሁ፤ ቀዳዳውን በሳሙና አረፋ ፈልጌ በይጄ ነው የምሞላው» አለ። ስለ ማሽኑ ደግሞ እዚያው መንገድ ላይ ካሉት አራት ጠጋኞች ጋር ዕቁብ ገብተው አንድ ቢገዙ ይሆን ብሎ ጠየቀኝ። ሦስቱን አነጋግሯል። አንዱ ስቆበታል፣ አንዱ አስባለሁ ብሎታል፣ አንዱ «መጀመሪያ የሚወጣው ለማን ነው?» ብሎ ጠይቆታል።

ከእናንተ መካከል በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ካላችሁ፣ በተለይ በዐረብ አገር ኤሲ ላይ የምትሠሩ፣ እዚያ ጋዙን እንዴት እንደምትሰበስቡና ማሽኑ ያገለገለው በስንት እንደሚገኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አደርስለታለሁ፣ ኢንሻአላህ።

ጁምዓ ሙባረክ።